እንግዳ ማሞቅ ክልክል ነው

ጓሳ ተራራ ላይ እንግዳ ማሞቅ የሚያስቀጣ ጥፋት ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። ትርንጎ ሕጉን እንደ ዳዊት በቃሏ ትወጣዋለች፤ እጇ ግን እስካሁን አልተማረውም። ሰው ሲንቀጠቀጥ ባየች ቁጥር እጇ እሷን ሳያስፈቅድ ወደ እሳቱ፣ ወደ ሙቅ ውሃው፣ ወይም ምሰሶው ላይ ወደ ተሰቀለው የበግ ጠጉር ባና ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከሰመራ የመጣ የሒሳብ ሠራተኛ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ሰምታ ትኩስ አጥሚት አጠጣችው። ሌላ ጊዜ የጋምቤላዋን መምህርት እግር፣ እናቷ የመንገደኛ እግር ስታጥብ እንዳየችው፣ በለብታ ውሃ አጠበችላት። ሁለቱም ተቆጠሩባት። ሦስተኛ ከተቆጠረባት ቤቱ ይዘጋል። እንግዳ የሚቀበል የብርድ ቤት የሌለው ሰው ደግሞ ተራራው ላይ መኖር አይፈቀድለትም።

"አመል ያወጣል ከመሀል" ይላታል ባሏ ንጋቱ። እየሳቀ ነው የሚላት፤ ግን ከተራራው መውረድ ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። የንጋቱ ልብ ሙቀት አይችልም። ባለፈው ዓመት ለምርመራ ሸዋ ሮቢት ወርዶ፣ ገና ከመኪናው እንደወጣ ጉልበቱ ከዳው፤ ጎረምሶች ተሸክመው መለሱት። ስለዚህ ትርንጎ ሦስተኛውን ጥፋት የምትፈራው ከቤቱ ይልቅ ለእሱ ብላ ነው። እሱም የሚስቀው ይህንን እንዳታስብ ብሎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆላው ሁሉ ከጋለ ወዲህ ብርድ በተራ ሆኗል። ከመተማ እስከ ጎዴ ያለ ሰው በየዓመቱ ጥቂት የብርድ ቀን አለው፤ ሐኪሞቹ ብርድ ያላየ ገላ ቶሎ ያረጃል ይላሉ። ተራው የደረሰ ሰው ጥቁር አንባር እጁ ላይ ይታሰርለትና በመኪና ወደ ጓሳ ይወጣል። ማታ መስኮቱ ተከፍቶ በስስ አንሶላ ይተኛል። ጎህ ሲቀድ ስስ ልብስ ለብሶ ግቢው ውስጥ ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ይቀመጣል። ገላው የሚገባውን ያህል ሲበርደው አንባሩ ይነጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሞቅ ያለ ወተትና የገብስ ቆሎ ይፈቀድለታል። አንባሩ እስኪነጣ ድረስ የቤቱ እመቤት አጠገቡ መቀመጥ አለባት። መቀመጥ ብቻ። እንግዳው "በቃኝ" ካለ ብርዱ እዚያው ላይ ያበቃል፤ ማንም አይጠየቅም። ሳይል ያሞቀው ሰው ግን ይጠየቃል።

ተራራው ብዙ ሰው አይችልም። ትንፋሽ ሲበዛ አመዳይ አይወርድም ብለው ነው ከመንደሩ ሰው ብዙውን ያወረዱት። የቀሩት ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ በመካከላቸው የጓሳው ሣር እስከ ወገብ ድረስ አድጎ፣ ነፋስ ሲመጣ ወደ አንድ ወገን ይተኛል። ንጋቱ የዚያ ሣር ጠባቂ ነው። አባቱም፣ የአባቱም አባት ጠብቀውታል።

በየቤቱ ሁሉን የምታይ፣ የምትመዘግብም የመሣሪያ ድምፅ አለች። የራሷ ስም አላት፤ መንደርተኛው ግን "ልጅቱ" ነው የሚላት። ከግድግዳው ውስጥ ሆና እንደ ጨዋ ቤት ልጅ ሰውን አንቱ እያለች ነው የምትናገረው። "ወይዘሮ ትርንጎ፣ የከሰል ምድጃው ወደ እንግዳው አልጋ ቀርቧል" ትላለች። "እሺ ልጄ" ትላታለች ትርንጎ፣ ምድጃውን በእግሯ እየገፋች። ከልቧ ተቆጥታት አታውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ከእሳት አጠገብ እየኖረች አንዴም ሞቋት አለማወቁ ያሳዝናታል።

አቶ በሪሁን የመጡት ኅዳር ሊያልቅ ሲል ነው። መኪናው እንግዳ ሲያወርድ ስሙን ቀድማ የምትናገረው ልጅቱ ናት፤ እንግዳውም ዝም ብሎ ይገባል። ያን ዕለት ማምሻ ግን ከደጅ "ቤቶች!" የሚል የሰው ድምፅ ተሰማ። ትርንጎና ንጋቱ ተያዩ። ያንን ጥሪ ከወላጆቻቸው ቤት ከወጡ ወዲህ ሰምተውት አያውቁም።

"ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ" አለ ንጋቱ ከመደቡ ተነስቶ።

የገቡት ሽማግሌ ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ጎንበስ ብለው ነው በሩን ያለፉት። መተማ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ሰሊጥ ሲያጭዱ ኖረዋል። እዚያ ቀን ፀሐዩ ስለማያሠራ የሚታጨደው በመብራት፣ ሌሊት ነው። ለዚህም ይሆናል ዓይናቸው ከብርሃን ጋር የማይስማማው፤ ሰውን ሲያዩ ያጨነቁሩታል።

"ቤቶች ማለትን ማን አስተማረዎት?" አለች ትርንጎ፣ መቀመጫ እያቀረበችላቸው።

"ባለቤቴ። እማዋይሽ ትባላለች፤ የእናንተው ልጅ ናት። ከዚህ ተራራ የወረደችው ገና ሕፃን ሆና ነው። ጓሳ ላይ ሰው ሳይጣራ ቤት አይገባም ትለኝ ነበር።"

"ታዲያ የት አሉ?" አለች ትርንጎ፣ ከኋላቸው የሚገባ ሌላ ሰው እየፈለገች።

"ሐምሌ ላይ ዐረፈች" አሉ አቶ በሪሁን። "የእሷና የእኔ ተራ ገጥሞ አያውቅም ነበር። 'አብረን ካልሆነ አልሄድም' እያለች የራሷን በየዓመቱ ስታሳድር ቆየች፤ እኔም ያለ እሷ አልወጣሁም። አሁን ለእኔ ተላለፈ። የሁለታችንን ይዤ መጣሁ።"

ትርንጎ "እግዜር ያጥናዎት" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እዚያ ቆማ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ተመለሰች።

እንግዳው ቤቱን እየዞሩ ሲያዩ ምሰሶው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ባናው ተሰቅሏል፤ ጥቁርና ወፍራም፣ የትርንጎ አባት ከራሱ በጎች ጠጉር ያሠራው።

"ይሄ ነው ባና?"

"አዎ፣ እሱ ነው።"

"መንካት ይፈቀዳል?"

ትርንጎ ወደ ግድግዳው አየች። ልጅቱ ዝም አለች። "መንካት ምንም አይደለም" አለች።

አቶ በሪሁን እጃቸውን ከባናው ሥር አስገብተው ቆዩ። ክብደቱን የሚመዝኑ ይመስሉ ነበር። መተማ ላይ የሚደረብ ነገር ያለው ቤት የለም፤ ልጆቹ ብርድ ልብስ የሚባለውን የሚያውቁት በተረት ነው። "እንዲህ ይከብዳል እንዴ?" አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። ከዚያም እጃቸውን አውጥተው ወደ መስኮቱ አልጋ ሄዱ።

የብርድ ሳምንታቸው ግን አልሰመረም። በየማለዳው ጉም ከገደሉ እየተነሳ ግቢውን ይሞላዋል፤ ጉም ባለበት ደግሞ አመዳይ አይወርድም። አቶ በሪሁን መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፣ ትርንጎ አጠገባቸው ትቀመጣለች፣ አንባሩ እንደጠቆረ ፀሐይ ይወጣል። ሌላ እንግዳ ቢሆን ወደ ብርድ ጽሕፈት ቤቱ ደውሎ ያማርራል። እሳቸው ግን "እሷም እንዲህ ነበረች፤ ስትቀጠር አትመጣም" ይሉና ይስቃሉ።

ቀን ቀን ከንጋቱ ጋር ይወጣሉ። ሁለቱ በጓሳው መሀል በቀስታ ሲሄዱ ትርንጎ ከደጅ ሆና ታያቸዋለች፤ አንዱ ለልቡ ብሎ ይቆማል፣ ሌላው ለጨዋታው ብሎ ይቆማል። አንድ ጠዋት እሷም አብራቸው ወጣች። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገና ፀሐይ አላገኙም ነበር፤ እናቶቹ ልጆቻቸውን ጉያቸው ውስጥ ወሽቀው፣ ትልልቆቹ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ተኮልኩለዋል።

"እነዚህ ተቃቅፈው እየሞቁ እኮ ነው" አሉ አቶ በሪሁን። "አይቀጡም?"

"እነሱን ልጅቱ አልመዘገበቻቸውም" አለ ንጋቱ።

"ደግ አደረገች።"

ትርንጎ አብራ ሳቀች። ቢሆንም ነገሩ ሆዷ ውስጥ ቀረ። እንግዳው "አይቀጡም?" ሲሉ ቅጣት መኖሩን ሰምተዋል ማለት ነው፤ ምን ያህል እንደሆነና በማን ላይ እንደሚወድቅ ግን አያውቁም። እሷም አልነገረቻቸውም። እንግዳ የበላው ስንት እንዳስወጣ አይነገረውም፤ ቤቱ ውስጥ ያለ ችግርም እንደዚያው ነው። እናቷ ቤት ውስጥ ዱቄት ባለቀበት ቀን እንኳ እንግዳ ሲመጣ ሌማቱን አቅርባ "ለምን አይበሉም? ይብሉ እንጂ" ትል ነበር።

የመጨረሻው ማለዳ ሲደርስ ሰማዩ ጠርቶ አደረ። ትርንጎ በሩን ስትከፍት ብርዱ ፊቷን በጥፊ መታት፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ አልመጣም። ጓሳው ነጭ ሆኗል። የድንጋይ አጥሩ፣ ባልዲው፣ የጅብራው ተክል ቅጠል ሁሉ አመዳይ ለብሷል። አንድ እግሯን ስታሳርፍ ሣሩ ከሥሯ እንደ ቆሎ ተሰበረ።

"አቶ በሪሁን፣ መጣልዎት" አለች። ደስ ብሏታል፤ ወዲያውም ፈራች።

ሽማግሌው ወጥተው ቆሙና ትንፋሻቸው ሲጨስ አዩት። ደግመው ተነፈሱ። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ድንጋዩ በስሱ ልብስ ውስጥ አልፎ ሲነካቸው "ኧረ!" አሉና ፈገግ አሉ። ትርንጎ ኩታዋን ተከናንባ አጠገባቸው ተቀመጠች። እጆቿን ከታፋዋ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው።

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ አገጫቸው። ከንፈራቸው አመድ መሰለ፤ ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ መዝለል ጀመሩ። አንባሩ ገና ጥቁር ነው።

"ይበቃዎታል" አለች ትርንጎ። "በቃኝ ይበሉ። ነውር የለውም፤ ጎረምሶቹም ይላሉ።"

"አይ፣ ትንሽ ልቆይ።"

"ስለ እግዚአብሔር፣ በቃኝ ይበሉ ጋሼ።"

"ቆይማ እታለም፤ ልንገርሽ" አሉ አቶ በሪሁን። ጥርሳቸው እየተጋጨ ቃሉ ይቆራረጣል። "እማዋይሽ በመጨረሻዋ ቀን ትኩሳት ያዛት። ውጭው እንደ ምድጃ ነው፤ እሷ ግን 'በረደኝ' አለች። 'በሪሁን፣ በረደኝ፤ አልብሰኝ' አለች። ቤት ውስጥ የሚለበስ የለም። ጎረቤት ሄድኩ፤ የለም። ገበያ ሄድኩ፤ ባለሱቁ ሳቀብኝ። የሰሊጥ ጆንያ አመጣሁና ደረብኩላት። 'ይሄ አይደለም' አለችኝ። ሌላ ደረብኩ። 'ይሄም አይደለም' አለችኝ። እንዲያ እያለች ነው የሄደችው።"

ትርንጎ እጆቿን ይበልጥ ተጫነቻቸው።

"እኔ በርዶኝ አያውቅም፤ ምን እንደጠየቀችኝ እንኳ ሳላውቅ ሞተችብኝ። አሁን ነው ያወቅኩት። ይሄን ነበር የምትለኝ።" ከዚያ ሽማግሌው ፀሐይ ወዳልደረሰበት ገደል እያዩ፣ ቃሉን የሚሞክሩት ይመስል ቀስ ብለው "በረደኝ" አሉ።

"በቃኝ" አላሉም። ልጅቱ የምታውቀው ቃል "በቃኝ" ነው።

ትርንጎ ተነሳች። ወደ ቤት ስትሮጥ እግሯ አመዳዩ ላይ ሊያንሸራትታት ነበር። ልቧ ውስጥ ሁለት ሰው ነው ያለው፤ አንዱ ደጅ የሚንቀጠቀጥ፣ አንዱ ቤት ውስጥ ሙቀት የማይችል። የቱን እንደምትመርጥ ሳታውቅ ነው በሩን የከፈተችው።

ንጋቱ የውስጡ መደብ ላይ ተቀምጧል። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉን ሰምቷል። ባናው ምሰሶው ላይ የለም፤ ታጥፎ ጉልበቱ ላይ ነው።

"ንጋቱ፣ ሦስተኛ ነው እኮ" አለችው።

"አውቃለሁ።"

"አንተስ?"

"እኔማ ይኸው በእጅሽ ስንት ዓመት ሞቆኝ ኖርኩ" አለና ባናውን ዘረጋላት። "ውሰጂ። እየቀዘቀዘ ያለው እንግዳሽ ነው።"

ስትወጣ አቶ በሪሁን ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ባናውን ከኋላቸው ዞራ በትከሻቸው ላይ ጣለችው፣ በደረታቸው አገናኘችው፣ እግራቸውን ጠቀለለችው፤ እናቷ እሷን ታለብሳት እንደነበረው ጫፉን ከእግራቸው ሥር ወሸቀችው።

"ወይዘሮ ትርንጎ" አለች ልጅቱ ከበሩ በላይ፣ በዚያ በትሑት ድምፅዋ። "እንግዳው በልብስ ተሸፍነዋል። አሁኑኑ ቢያነሱላቸው አይቆጠርም።"

ትርንጎ አላነሳችም።

"ወይዘሮ ትርንጎ፣ አሁንም ጊዜ አለዎት።"

"ሰምቼሻለሁ ልጄ" አለች ትርንጎ። "አንቺ በርዶሽ ያውቃል?"

"አያውቅም" አለች ልጅቱ።

"እንግዲያው ዝም በይ፤ እሳቸው ይሙቁበት።"

አቶ በሪሁን አልሰሙም። አገጫቸውን ባናው ውስጥ ቀብረዋል። መንቀጥቀጡ መጀመሪያ ባሰ፣ ከዚያ እየሳሳ ሄደ፣ ከዚያ ቆመ። እንባቸው ወርዶ ጠጉሩ ላይ ቀረ።

"ይሄ ነው" አሉ። "ይሄ ነበር እንዴ?"

"ይሄ ነው ጋሼ።"

ፀሐይ ወጥቶ አመዳዩ መንጠባጠብ እስኪጀምር ድረስ እዚያው ተቀመጡ። አንባሩ ሳይነጣ ቀረ። ከቀትር በፊት መኪናው መጥቶ ወሰዳቸው፤ ትርንጎና ንጋቱ እስከ አጥሩ ሸኟቸው፣ መንገዱ እስኪሰውራቸውም እጃቸውን አውለበለቡ።

ወሬው የደረሰው በዚያው ቀን ነው፤ ልጅቱ ራሷ ነገረቻቸው። ቤቱ ተዘግቷል። ጥር ሳይወጣ ተራራውን መልቀቅ አለባቸው። የሚቀበላቸው ሰው ካለ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ከሌለ ግን ቆላው ሜዳ ላይ ወዳለው የሰፈራ ቤት ይወሰዳሉ። ንጋቱ እሺ ብሎ ወጣ። ትርንጎ ከመስኮቱ ስታየው ጓሳው ውስጥ ቆሞ፣ ሣሩን እንደ ልጅ ራስ በእጁ ይዳብሰው ነበር። ያን ጊዜ አለቀሰች። ያደረገችው ነገር አልጸጸታትም፤ ግን ከፋት። አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

አቶ በሪሁን ቤታቸው በገቡ ማግስት ደወሉ። መንገደኛ በሰላም መግባቱን ለአስተናጋጁ ያሳውቃል፤ ይህንንም እማዋይሽ ናት ያስተማረቻቸው። ጥሪውን ያነሳችው ግን ልጅቱ ነበረች፤ "ይህ የብርድ ቤት ተዘግቷል" ብላ ምክንያቱንም ዘረዘረችላቸው። ከዚያ ትርንጎ ደረሰች።

"እታለም" አሉ አቶ በሪሁን። "አንዲት ቃል እኮ ናት። 'በቃኝ ካላሉ ይሄ ይሄ ይመጣብኛል' ብትዪኝ፣ አልል ነበር?"

"ይሉ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንግዳ ነበሩ" አለች ትርንጎ። "እንግዳ ላይ የቤት ችግር ይወራል?"

አቶ በሪሁን ቀጠሉ። "የምትሄዱበት አላችሁ?"

ትርንጎ ስለ መንገዳቸው ጠየቀቻቸው።

"እንግዲያው መሽቶባችኋል" አሉ። "የመሸበት ሰው የት እንደሚገባ አንቺ ለእኔ አትነግሪኝም።"

ንጋቱ ይህን ሲሰማ ብዙ አላሰበም። "ሙቀቱ የትም ያው ነው" አለ። "እዚያ ግን 'ይግቡ' የሚል ሰው አለ።"

መተማ ቀንና ሌሊቱን የቀየረ አገር ነው። ገበያው የሚቆመው ከመሸ ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በጨረቃ ነው፤ ማለዳ ሰው ሁሉ "ደህና እደር" ተባብሎ በሩን ይዘጋል። ቀን መንገድ ላይ የሚታይ ውሻ እንኳ የለም። ለየቤቱ ቀዝቃዛ አየር በድርሻ ይመጣል፤ ድርሻው ሲያልቅ ያለቀው ቤት ይታገሣል። ትርንጎ ባናውን ተሸክማ ከመኪና ስትወርድ የሰፈሩ ሴቶች ከበር በር እየተጠራሩ ሳቁባት። አንዷ "የኔ እመቤት፣ የሞተ በግ ነው? ልቀብርልሽ?" አለቻት። ትርንጎም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

አቶ በሪሁን ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ንጋቱ በደካማ ድምፅ "ቤቶች" አለ። "ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ" አሉ ሽማግሌው፣ ክንዱን ደግፈው እያስገቡት።

የፈሩት አልደረሰም። ቤቱ ውስጥ አየሩ ቀኑን ሙሉ አይቋረጥም፤ ንጋቱ አልጋው ላይ ሆኖ በሰላም ይተኛል፣ ማታ ማታ ደጅ ወጥቶ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ትርንጎ ተገረመች። ከድርሻው በላይ ሰው ያለበት የጎረቤት ቤት አየሩ ከቀትር በፊት እንደሚያልቅ ሰምታለች። "የእናንተ ምነው?" ስትላቸው አቶ በሪሁን "እድለኛ ቤት ነው" ይሏታል። እሳቸው የሚተኙት ውጭ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ነው። "ቤት ውስጥ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ የድሮ አመሌ ነው" ብለዋት ነበር።

መጋቢት ሲገባ አንድ ቀትር ላይ ትርንጎ ውሃ ጠማትና ነቃች። ልጅቱ እዚህም አለች፤ ያችው ድምፅ ናት። "ወይዘሮ ትርንጎ፣ ምን ልርዳዎት?" አለቻት።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ አየር የማን ድርሻ ነው?"

"የአቶ በሪሁንና የባለቤታቸው የወይዘሮ እማዋይሽ" አለች ልጅቱ። "የሟች ድርሻ ዓመቱ እስኪያልቅ አይነሳም። የእርስዎና የአቶ ንጋቱ ገና አልጸደቀም።"

ትርንጎ ቆጠረች። ድርሻው የሁለት ሰው ነው፤ እነሱም ሁለት ናቸው። ከዚያ በሩን ከፍታ ወጣች።

ሙቀቱ እንደ ግድግዳ ገጠማት። አቶ በሪሁን ከኒሙ ሥር በሸራ አልጋቸው ላይ ተጋድመዋል፤ ደረታቸው በላብ ርሷል፣ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ፣ እጃቸው የዘንባባ ማራገቢያ ይዞ አንዴ ይወዛወዛል፣ አንዴ ይረሳዋል። ሲያይዋት ሊነሱ ሞከሩ።

"ለምን አልነገሩንም?" አለች።

"እንግዶች ናችሁ" አሉ አቶ በሪሁን።

የትርንጎ የገዛ ቃሏ ነው። ዞራ ገባች። ባናውን ከሣጥኑ ላይ አንስታ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ነከረችው፣ እስኪጠግብ ጠበቀች፤ ሲወጣ የጥጃ ያህል ከብዶ ነበር። እየጎተተች አምጥታ ክፍት በሩ ላይ ከላይ እስከ ታች ሰቀለችው። ከዚያ ወጥታ የሽማግሌውን አልጋ በአንድ እግሩ ይዛ ትጎትት ጀመር።

"ተይ እንጂ እታለም፣ ለንጋቱ አየሩ ያንሰዋል።"

"ካነሰው አብረን እንወጣለን" አለች። "አሁን ይነሱ።"

አስገብታ ከባናው ኋላ አስተኛቻቸው። ከሱዳን በኩል የሚመጣው የቀትር ነፋስ በሩን ሲመታ በእርጥቡ ጠጉር ውስጥ አልፎ ገባ። የገባው ግን ሌላ ነፋስ ነበር፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ የበግ ሽታ ያለው፣ ዝናብ የነካው ጓሳ የሚሸት። ንጋቱ ዓይኑን ሳይገልጥ አሸተተና "ቤታችን ነው" አለ፤ ተመልሶም ተኛ።

"ወይዘሮ ትርንጎ" አለች ልጅቱ፣ "በሩ ክፍት ነው።"

"እሺ ልጄ።"

ነፋሱ ደግሞ መጣ። በአቶ በሪሁን ደረት ላይ ያለው ላብ ደረቀ፤ ክንዳቸው ላይ ያለው ጠጉር ሲቆም ትርንጎ አየችው። ሽማግሌው ክንዳቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አጨንቁረው አዩት። ፊታቸው ላይ የልጅ የሚመስል ፈገግታ መጣ።

"በረደኝ" አሉ።

የትርንጎ እጅ ሳያስፈቅዳት ወደ ባናው ሄደ። ባናው ግን በሩ ላይ ነው፤ ውሃው ይንጠባጠባል። ያን ጊዜ የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደችና እግራቸው ላይ ጣለችው፤ ጫፉንም ከተረከዛቸው ሥር ወሸቀችው።

ወደ ግድግዳው ቀና አለች። ልጅቱ ምንም አላለችም።